ለጋሼ ትከሻ የሚሆን ሰደፍ

አርብ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጠመንጃ ተዘርግቶ አገኘሁ። በቤታችን ያለው ጠረጴዛ እሱ ብቻ ነው፤ ቦርሳዬ ደግሞ ያልታረመ የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ ፈተና ሞልቶታል። ቦርሳውን ወለሉ ላይ ጣልኩና ኮቴን ሳላወልቅ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አትደንግጪ፣ ባዶ ነው» አሉኝ ጋሼ። «የምላጩ ቁልፍም አልወለቀም። እይው።»

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሃይስኩል ልጀምር ስል ነው እሳቸው ስፖንሰር አድርገውኝ ቶሮንቶ የመጣሁት። ከዚያ ወዲህ ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ፣ ሊፍቱ አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን በሚያርፍበት ፎቅ ላይ አብረን እንኖራለን። እሳቸው በሱዳን በኩል ተሰደው ከመጡት ከቀደሙት ሰዎች ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ሥጋ ፋብሪካ ሠሩ። እዚያው ፋብሪካ ጎን ለጎን ቆመው ሲቆርጡ የኖሩ አንድ ያገር ልጅ ጓደኛ አላቸው፤ አጋዘን ማደንም ሁለቱ አብረው ከፈረንጅ ባልደረቦቻቸው ተማሩ። በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ፣ የነቢያት ጾም ሳይያዝ፣ ሁለቱ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ከጾሙ በፊት ካልሄዱ ሥጋው ቢገኝም ማን ይበላዋል?

በረዶው ሲቀልጥ ጋሼ ቀኝ ትከሻቸውን ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ሐኪሙ አደኑን አልከለከላቸውም፤ ግን ጠመንጃው ሲተኮስ ወደኋላ የሚመታው ምት መለስለስ አለበት አላቸው። ጋሼ ይህን የሰሙት እንደ ፈቃድ ብቻ ነው። ጓደኛቸው ደግሞ ብቻቸውን ጫካ እንደማይገቡ ቁርጡን ተናግረዋል። ስለዚህ ጋሼ ከቀሩ ሁለቱም ቀሩ ማለት ነው።

«ዘንድሮ ከቀረሁ ቀረሁ ነው» አሉኝ በዚያ አርብ። «ሽማግሌ አንዴ ከተቀመጠ የሚያነሳው ቀባሪ ነው።»

«ጋሼ ደግሞ! ምን ዓይነት ንግግር ነው?»

«እውነት ነዋ። ይልቅ ኮትሽን አውልቂና ይሄን ግጠሚልኝ። አስተማሪ አይደለሽ?»

ማስረዳት ልማዴ ነውና ላስረዳ። የአደን ጠመንጃ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው፤ ከብረቱና ከሰደፉ። ብረቱ አፈሙዙንና ምላጩን የያዘው፣ ጥይቱን የሚልከው ክፍል ነው። ሰደፉ ደግሞ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ተሠርቶ ብረቱን ያቅፋል፤ ጫፉም ትከሻ ላይ ያርፋል። ጥይቱ ወደፊት ሲሄድ ጠመንጃው ወደኋላ ይመታል፤ ይህን ለተማሪዎቼ በተነፋ ፊኛ ነው የማሳያቸው። ምቱን ለማብረድ ሰደፉ ጫፍ ላይ ላስቲክ ይገጠማል። የጋሼ አሮጌ ሰደፍ ግን ጫፉ ላይ የነበረው ስስ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ጤነኛ ትከሻንም ያበልዛል። ስለዚህ ጋሼ ቀለል ያለ የፕላስቲክ ሰደፍ ከአንድ ሰው፣ ወፍራም ላስቲክ ደግሞ ከሌላ ቦታ ገዙ። ሁለቱም ደህና ዕቃ ናቸው። ችግሩ ከዚያ በፊት ተያይተው አለማወቃቸው ነው።

ፎጣ አነጠፍኩና ዕቃውን በተራ ደረደርኩ፤ ብረት፣ ሰደፍ፣ ላስቲክ፣ ብሎኖቹን በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ። የመሣሪያ ፈቃዱ የጋሼ እንጂ የእኔ ስላልሆነ ብረቱን የሚያነሱት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እኔ ሰደፉንና ላስቲኩን ያዝኩ። ብረቱን ሰደፉ ላይ ብናሳርፈው አንዱ ብሎን ቀዳዳውን አገኘ፤ ሌላው አንድ ጣት ያህል ቀረው። ሰደፉ ለአጭር ብረት የተሠራ ነበር።

«ግፊው እስቲ» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ፕላስቲክ ነው፤ ቢገፋ አይረዝምም።»

«ሞክሪ ነው ያልኩሽ።»

ሞከርኩ። አልረዘመም።

ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ወዳለ የአደን ዕቃ ሱቅ ሄድን፤ አውቶቡስ ሁለቴ ቀይረን። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ከምንም በላይ የምፈልገው እንቅልፍ ነበር። ሻጩ ወጣት ፈረንጅ፣ ትዕግሥት ያለው ነው። ሰደፉን ገለበጠና ስለ ተኳሹ ጠየቀ። ጋሼ እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ ቁም ነገር ሲሆን ግን በእኔ በኩል ማለፍ ይወዳሉ።

«በቀኝ ነው በግራ የሚተኩሱት ይላል፣ ጋሼ።»

ጋሼ ተቆጡ። «በግራ እጄ ስበላ አይቶኛል በይው!»

«በቀኝ ነው» አልኩት ሻጩን።

ለብረቱ ርዝመት ልክ የሆነ፣ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ከፍ ብሎ የተሠራ ሰደፍ አመጣ። ያ ከፍታ የሚሠራው በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ በቀኝ የሚተኩስ ሰው ጉንጩን ሲያስጠጋ ይደግፈዋል። ጋሼ እንደ ሠርግ ጫማ እያገላበጡ አዩት። የክንድዎ ልክ ስንት ነው ሲባሉ «የድሮው ይሁን፤ ክንዴ አላደገም» አሉ። የድሮውን ልክ ነገርኩትና ሰደፉን ገዝተን ተመለስን።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቀላል ሂሳብ አለ። ሰደፍ ከምላጩ እስከ ጫፉ ያለው ርዝመት ከሰውየው ክንድ ጋር መስማማት አለበት። ወፍራም ላስቲክ ሲጨመርበት ይረዝማል። ስለዚህ በጨመርነው ልክ ከሰደፉ ጫፍ መቁረጥ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ላስቲኩ ከሰደፉ ጫፍ ሰፍቶ በዙሪያው እንደ ትርፍ ከንፈር ወጥቶ ነበር፤ እሱም ተሞርዶ መስተካከል አለበት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰደፉን በረንዳው ላይ ቆረጥኩና ላስቲኩን በአሸዋ ወረቀት ስሞርድ ዋልኩ። ንፋሱ ጥቁሩን ዱቄት ፊቴ ላይ ይመልሰዋል። የጎረቤታችን በረንዳ ላይ የተሰጣ አንሶላ ስለነበር በየመሃሉ እያቆምኩ ንፋሱ ዞር እስኪል እጠብቃለሁ። ፈተናው አልታረመም። ክንዴ ዛለ። ግን መጨረሻ ላይ ላስቲኩና ሰደፉ በጣት ሲዳሰሱ መገጣጠሚያቸው የማይታወቅ ሆነ፤ ደስ አለኝ፣ ድካሙ ከደስታው ቢበልጥም።

ጋሼ ብረቱን ገጠሙበት፤ ጥይት የሚያጎርሰውን መዝጊያ አውልቀው መሳቢያ ውስጥ አኖሩና ጠመንጃውን ወደ ቀኝ ትከሻቸው አነሱ። ትንፋሻቸውን እንደያዙ አየሁ።

«ልክ ነው» አሉ። «እንደ ልኬ የተሰፋ ሱሪ!»

ዝቅ ሲያደርጉት ግን ግራ እጃቸው ነበር ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው።

«ያመዎታል እንዴ?»

«ምን ያመኛል? ሰደፉ አዲስ ስለሆነ ነው።»

ከዚህ በላይ መጠየቅ አልቻልኩም። የምንኖረው ካናዳ ቢሆንም በዚህ ቤት ይሉኝታ ከእኛ ጋር ኪራይ ይከፍላል። እኔ አሳዳጊዬን «ክንድዎን ያንሱ፣ እስቲ ደግሞ ያዙሩ» ብዬ እንደ ተማሪ ማዘዝ አፈርኩ፤ እሳቸው ደግሞ «አልቻልኩም» ማለት አፈሩ። ብረቱን ከሰደፉ፣ ሰደፉን ከላስቲኩ አስማማን። ከሰውየው ጋር ማስማማት ቀረ፤ ማንም ሰውየውን ስላልለካው።

ሽማግሌን መናገር የሚችለው እኩያው ነው። ስለዚህ ሰኞ በእረፍት ሰዓቴ ለጓደኛቸው ኮል አደረግኩና «ሰደፉን መጥተው ይዩልን» አልኳቸው። ሌላ አላልኩም። እሳቸውም ሌላ አልጠየቁም። በማግስቱ ከሰዓት ከኢስት ዮርክ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘው መጡ። ገና ከመቀመጣቸው ጀመሩ።

«እስኪ አንሳው፣ አንተ አርበኛ።»

ጋሼ አነሱት። ከበሩ በላይ ባለው ሰዓት ላይ አነጣጠሩ።

«የት ነው ያነጣጠርከው?»

«ሰዓቱ ላይ።»

«እንግዲያው ሰዓቱ ዕድሜ ልኩን ይቆጥራል!» አሉ ጓደኛቸው። «አንገትህን እንደ ሰጎን አጣመምከው እኮ። ድሮም እንዲህ ነው፣ ልጄ። አጋዘኖቹ እሱን ሲያዩ ነው ዘና ብለው የሚግጡት።»

«ዝም በል። አንተ ባለፈው ዓመት የመታኸው የዛፍ ጉቶ አልነበረም?»

«ጉቶውን መታሁት! አንተ እሱንም ስተሃል።»

ሁለቱም ሳቁ። ጋሼ ግን ሲስቁ ጠመንጃው ወረደባቸው፤ ቀኝ ክንዳቸው እንዳይወድቅ መያዝ አልቻለም። ጓደኛቸው ቶሎ ተነሥተው ተቀበሏቸውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሳቁ ቆመ።

«አልዳነም» አሉ ጓደኛቸው በዝግታ። «ለምን አትናገርም?»

«ይድናል።»

«መቼ? ሊገባ ነው እኮ ወሩ።»

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ግን ጓደኛቸው ስለ አንገታቸው ያሉት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ጋሼ ሲያነጣጥሩ ራሳቸውን በሰደፉ ላይ አሻግረው ነበር የሚያጋድሉት፤ ግራ ዓይናቸውን ወደ ማነጣጠሪያው መስመር ለማምጣት የሚታገሉ ይመስላሉ። ክፍል ውስጥ ለልጆች የማሠራቸው አንድ ሙከራ ትዝ አለኝ። የሁላችንም ሁለት ዓይኖች እኩል አይሠሩም፤ አንዱ አለቃ ነው፤ ስናነጣጥር እሱን ነው የምንከተለው።

«ጋሼ፣ እስቲ እጆችዎን ወደፊት ይዘርጉልኝ፤ ቀኝዎን እስከቻሉት ድረስ። መዳፎችዎን አጋጥመው መሃላቸው ትንሽ ቀዳዳ ይተዉ። በቀዳዳዋ ሰዓቱን ይዩት።»

«ይሄ ደግሞ ምን ጨዋታ ነው?»

«የስድስተኛ ክፍል ትምህርት ነው። አሁን ቀኝ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሰዓቱ አለ?»

«አለ።»

«ይግለጡት። አሁን ግራዎን ይጨፍኑ።»

ግራቸውን ጨፈኑ። «ጠፋ» አሉ። እንደገና ሞከሩ። «ጠፋ እኮ!»

«አለቃው ግራ ዓይንዎ ነው።»

ጓደኛቸው ጠረጴዛውን መቱት። «ግራኝ ነህ! ይሄን ሁሉ ዘመን ከግራኝ ጋር ነው ለካ ያደንኩት!»

ጋሼ ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቁም። ብርቱካን አንሥተው ሳይልጡ በእጃቸው ያዙት።

«ነበርኩ» አሉ። «ልጅ ሆኜ። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደሉን በግራ እጄ ስጠቁም የኔታ ግራ እጄን በመቀነት ከወገቤ ጋር አሰሩት። በግራ ዳዊት አይያዝም፣ በግራ ሰው አይጨበጥም። ለምሳ ይፈቱኛል፤ በግራ ከጎረስኩ ተመልሶ ይታሰራል። ከዚያ ቀኝ ሆንኩ። እኔም ረስቼው ነበር።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የደከመ ሰው የሥራ ታሪኩን ሲቆጥር ያለ ድምፅ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ክፍሌ ውስጥ በግራ የሚጽፉ ልጆች አሉ፤ መቀሳቸውን ለይቼ አስቀምጥላቸዋለሁ።

መፍትሔውን የተናገሩት ጓደኛቸው ናቸው። «ቀኝ ትከሻህ ታሟል፤ ግራው ጤነኛ ነው። ዓይንህም ግራ ነው። ምን ቀረህ? አዙረውና በግራ ተኩስ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ግራ ልሁን?»

«ማን ያይሃል? ጫካ ነው። አጋዘኑ ሄዶ ለየኔታ አይናገር!»

አሁን ሳቁ፤ ትንሽ፣ ሳይፈልጉ። ጠመንጃውን በግራ አነሱት። አንገታቸው ቀጥ አለ። ነገር ግን ለቀኝ ተኳሽ የተሠራው የጉንጭ ከፍታ በማዶ ቀርቶ ነበር፤ ጉንጫቸው የሚደገፍበት አጥቶ ተንሸራተተ። ሰደፉ ጥሩ ነው፣ ላስቲኩ ጥሩ ነው፣ መገጣጠሚያቸው በጣት አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ለሌላ ትከሻ ነው የተሠራው።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ያ ሁሉ ሙረዳ! ከፊቴ ደግሞ የወላጆች ስብሰባና ሪፖርት ካርድ ነበር።

«ተይው፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ፊቴን አይተው። «ደክሞሻል። ዘንድሮ ይቅር።»

«ይቅር» ያሉበትን አኳኋን ስሰማ ይበልጥ ደከመኝ። አርብ የተናገሩትን አልረሳሁም፤ ዘንድሮ ቀረ ማለት ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

«አይቀርም» አልኩ። «ግን በዚህኛው ጊዜ እርስዎን እለካለሁ።»

ጓደኛቸው በመኪናቸው ሱቁ ድረስ ወሰዱን። ሻጩ በሁለቱም ጎን እኩል የሆነ፣ የጉንጭ ከፍታ የሌለው ተራ ሰደፍ ሰጠን፤ የቆረጥኩትን ግን መልሶ አልወሰደም፤ እሱም ልክ ነው። ቤት ስንመለስ ጋሼን ለጫካ የሚለብሱትን ወፍራም ጃኬት አስለብሼ ወጥ ቤት መሃል አቆምኳቸው። ጃኬት ራሱ ርዝመት ይበላል፤ በሸሚዝ የተለካ ሰደፍ በብርድ ቀን ይረዝማል። ግራ ክንዳቸውን አጠፉ። እኔም የክርናቸውን እጥፋት በእጄ ይዤ እስከ ጣታቸው ለካሁ። በሕይወቴ እንዲህ ይዣቸው አላውቅም፤ ክንዳቸው ካሰብኩት በላይ ቀጭን ነበር። ጣሪያውን እያዩ እንደ ሕፃን ዝም ብለው ተለኩልኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ልብስ ሰፊ መሆን ነበረብሽ።»

ሰደፉን ቆረጥኩ። ላስቲኩን አውልቄ ለአዲሱ ጫፍ እንደገና ሞረድኩ። በሁለተኛው ሰደፍ ላይ መገጣጠሚያው በጣት ይታወቃል፤ በአንድ ጎን ትንሽ ከንፈር ቀርቷል። የበለጠ ላስተካክለው አቅም አልነበረኝም፤ ጋሼም አልጠየቁኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከከተማው ውጭ ወዳለ የተኩስ መለማመጃ ሄድን። እኔ ጆሮዬን ሸፍኜ ከኋላ ቆምኩ። ጋሼ በግራ ትከሻቸው ተኮሱ። መዝጊያው ለቀኝ እጅ የተሠራ ስለሆነ፣ ከተኮሱ በኋላ እጃቸውን በላዩ አሻግረው እስኪከፍቱትና እስኪዘጉት ብዙ ይቆያሉ።

«አጋዘኑ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል!» ብለው ጮኹ ጓደኛቸው።

«በመጀመሪያው ነዋ የምመታው!»

ወረቀቱ ሲመጣ ቀዳዳዎቹ መሃሉን አላገኙም፤ ግን ተቀራርበው ነበር። ጓደኛቸው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ለመቀለድ አልቸኮሉም።

«ምቱስ?» አልኩ እኔ።

ጋሼ ትከሻቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «እንደ ጓደኛ ጥፊ ነው። ይቻላል።»

በጓደኛቸው መኪና ወደ ቤት ተመለስን። አውራ ጎዳናው ተጨናንቆ እንደ ቀንድ አውጣ እንሄዳለን። «ስንቱን አጋዘን አስመለጥኩ» አሉ ጋሼ ለራሳቸው። ጓደኛቸው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ «እሱ በጽድቅ ይቆጠርልሃል» አሉ።

ኖቬምበር ገባና ሄዱ። እኔ ያን ሳምንት ከወላጆች ጋር ስነጋገር ሰነበትኩ፤ ልጃችሁ ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ያወራል፣ ማንበብ ይቀረዋል። ማታ ማታ ስልኬን አያለሁ፤ ጫካው ውስጥ ኔትወርክ የለም። ስለ ትከሻቸው አስባለሁ፣ ስለዚያች በአንድ ጎን ስለቀረችው ከንፈር አስባለሁ፣ ሳላውቀው እንቅልፍ ይወስደኛል።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሊፍቱ ተበላሽቶ ጋሼ ጠመንጃውን በሳጥኑ እንደ ቆለፉት በደረጃ ይዘውት ወጡ። ከኋላቸው ጓደኛቸው ብርድ ልብሱን ተሸክመው ያለከልካሉ። ሥጋ የለም።

«ምንም?» አልኩ።

«ዝናብ ነበር» አሉ ጓደኛቸው። «ዱካ አየን። ባለ ዱካው ግን ዘንድሮ አድራሻ ቀይሯል።»

«አንድ አይቻለሁ እኔ» አሉ ጋሼ።

«ላም ነበረች!»

«አጋዘን ነበረች። በግራ አነሳሁ፤ ጉንጬ ላይ ልክ መጥቶ አረፈ። መስመሩ ላይ ነበረች። ከዚያ ዛፉ ከለላት።» ወደ እኔ ዞር አሉ። «ግን ስሚ። ዝናቡ ሲመታኝ ከጃኬቱ በላይ ሌላ ደረብኩ፤ ያኔ ረዘመብኝ። ላስቲኩንም በዚህ በኩል፣ ብብቴ ጋ፣ ትንሽ ቀነስ አድርጊልኝ። ለከርሞ።»

ጓደኛቸው ደረጃው ጫፍ ላይ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ «ለከርሞ እኔም መነጽሬን ልቀይር» አሉ።

ከሳጥኑ ውስጥ ሰደፉን ሲያወጡልኝ ጫፉ ላይ ጭቃ ነበር። ጋሼ ብብታቸው ጋ የሚወጋውን ቦታ በጥፍራቸው አሳዩኝ፤ እኔም በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት።

«ሪፖርት ካርዱን ልጨርስና እሠራዋለሁ፣ ጋሼ።»

«አትቸኩይ» አሉ ቦት ጫማቸውን ለማውለቅ ግድግዳውን እየተደገፉ። «ጊዜ አለን።»